ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ድምፅ፦ ልጆች ቃናንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለይተው እንዲሰሙ ማለማመድ

ትንንሽ ልጆችን ሙዚቃ ማስተማር በጀመርኩባቸው ወራት ሁለት ድምፆችን በተከታታይ እያሰማሁ «ከፍ ያለው የትኛው ነው? ዝቅ ያለውስ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ልጆቹ ጠንከር ተደርጎ የተመታውን ሁሉ «ከፍ ያለ»፣ በቀስታ የተነካውን ሁሉ «ዝቅ ያለ» እያሉ ሲመልሱልኝ፣ ጆሯቸው ቃናን፣ ማለትም የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት፣ ለመለየት ገና አልደረሰም ብዬ ደመደምኩ። ስህተቱ ግን የጆሯቸው ሳይሆን የጥያቄዬ ነበር። «ሬዲዮውን ከፍ አድርገው»፣ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ «ከፍ» ጮክ ማለት፣ «ዝቅ» ደግሞ ለስለስ ማለት መሆኑን በሚገባ ያውቃል፤ እኔ እነዚሁኑ ቃላት ለሌላ ነገር እየተጠቀምኩባቸው መሆኑን አልነገርኩትም ነበር።

ቋንቋችን ለዚህ ችግር የራሱ መፍትሔ አለው። የሕፃን ድምፅ ቀጭን ነው፣ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ወፍራም ነው እንላለን፤ የአራት ዓመት ልጅም ቢሆን ይህን አባባል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቱርክኛና ፋርስኛ ተናጋሪዎችም ቃናን የሚገልጹት በዚሁ በቀጭንና በወፍራም ሲሆን፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ግን ከፍታና ዝቅታ ይሉታል። የእኛ አባባል አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ከአንድ ነገር የተሠሩ፣ ርዝመታቸውና ውጥረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክሮች ቢነኩ ወፍራሙ ክር ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭኑ ክር ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ልጁ በዓይኑ የሚያየውና በጆሮው የሚሰማው ይገጥምለታል። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚጀምር ወላጅ ወይም መምህር አስቀድሞ ቃላቱን ይለይ፤ ቃናን ቀጭንና ወፍራም፣ የድምፅን ጉልበት ጮክና ለስለስ፣ ፍጥነትን ፈጠንና ዘግየት ብሎ ይጥራ፤ «ከፍ» እና «ዝቅ» የሚሉት ቃላት ግን ጊዜያቸው እስኪደርስ ይቆዩ።

አስተማሪው ሊያውቀው የሚገባ

ድምፅ የሚወለደው አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ንቅናቄው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚደጋገምበት ቁጥር በሄርዝ ይለካል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠንም ድምፁ ይቀጥናል። ጤናማ የሆነ የልጅ ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ሲሰማ፣ የተለመደው ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ከ27.5 ሄርዝ ተነሥቶ እስከ 4,186 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ከሚባሉት የድምፅ ስሞች አንዱ የሆነው፣ መሣሪያዎች የሚቃኙበት የጋራ መነሻ «ላ» 440 ሄርዝ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ፣ ለምሳሌ ከ220 ወደ 440 ሲሄድ፣ ጆሯችን «ያው ድምፅ ነው፣ ግን ቀጥኗል» ይላል፤ ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። አባትና ትንሽ ልጁ አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት በዚሁ በአንድ ኦክታቭ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ለወንድ መምህራን ሊሰመርበት ይገባል። ትንንሽ ልጆች ሳይጨነቁ የሚያዜሙት ከመካከለኛው «ዶ» ማለትም ከ262 ሄርዝ ገደማ እስከ «ላ» 440 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ወንዱ መምህር በተፈጥሮ ድምፁ አዚሞ «ተከተሉኝ» ሲል፣ አንዳንዱ ልጅ ኦክታቩን በራሱ አስተካክሎ ይመልሳል፣ ሌላው ግን የመምህሩን ወፍራም ድምፅ እንዳለ ለመያዝ ሲታገል በጉሮሮው ያጉረመርማል። መፍትሔው ድምፅን አቅጥኖ በቀስታ ማዜም፣ ወይም ደግሞ መነሻውን ድምፅ በዋሽንት ወይም በፒያኖ ልጆቹ በሚችሉት ቦታ መስጠት ነው።

ቀጭኑንና ወፍራሙን መለየት

ከማንኛውም ልምምድ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ይጠቅማል። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሟቸውን ድምፆች በጣቶቻቸው ይቁጠሩ፤ ከዚያም የትኛው ከሩቅ እንደመጣ፣ የትኛው ቀጭን እንደነበረ ይናገሩ። ጆሮ የሚሠራው ሥራ እንዳለው የሚሰማቸው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ድምፅ ብቻ ያለው ነው፤ ሁለቱም ከአንድ መሣሪያ ይውጡ፣ በእኩል ጉልበት ይመቱ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ሰፊ ይሁን። ብዙ ሰው ለቀጭኑ ትንሽ ደወል፣ ለወፍራሙ ትልቅ ከበሮ በማቅረብ ይጀምራል፤ እኔ ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱም ልጁ ደወልን ከከበሮ መለየቱ ቀጭንን ከወፍራም መለየቱን አያሳይም። ፒያኖ ካለ ከግራው ጫፍና ከቀኙ ጫፍ አንዳንድ ቁልፍ ይመረጥ፤ የክር መሣሪያ ካለም ወፍራሙና ቀጭኑ ክር ይነኩ። ልጆቹ በቃል እንዲመልሱ መጠየቅ አያስፈልግም። ቀጭን ሲሰሙ ሌባ ጣታቸውን ያቁሙ፣ ወፍራም ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ትልቅ ድስት እንዳቀፈ ሰው ይዘርጉ፤ በሰውነት የሚሰጥ መልስ ከቃል መልስ ስለሚፈጥን፣ ማን ከራሱ ጆሮ፣ ማን ደግሞ ጎረቤቱን አይቶ እንደመለሰ በግልጽ ይታያል።

ይህ ሲለመድ ቃናንና ጉልበትን የሚያፋታው ልምምድ ይከተላል፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አንዱን ቀጭን ድምፅ አንድ ጊዜ ጮክ፣ አንድ ጊዜ ለስለስ አድርገው ያሰሙ፤ ወፍራሙንም እንዲሁ ያድርጉ። አራቱን ቅደም ተከተላቸውን እያፈራረቁ ሲያሰሙ ልጁ የሚመልሰው ስለ ቀጭንነቱና ስለ ወፍራምነቱ ብቻ ይሁን። ለስለስ ብሎ የተመታውን ወፍራም ድምፅና ጮክ ብሎ የተመታውን ቀጭን ድምፅ በትክክል የለየ ልጅ እየሰማ ያለው ቃናን ነው። እንደማስታውሰው ከልጆቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚሳሳቱት ለስለስ ባለው ወፍራም ድምፅ ሲሆን፣ ይህም ወፍራም ነገር ሁልጊዜ ኃይለኛ ነው ብለው ስለሚጠብቁ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ርቀቱ ቀስ በቀስ ይጠበብ። ከፒያኖ ጫፍና ጫፍ ወደ አንድ ኦክታቭ፣ ከዚያ አምስት ደረጃ፣ ከዚያ ሦስት፣ በመጨረሻም አጠገብ ለአጠገብ ወደሆኑ ሁለት ድምፆች መምጣት ይቻላል። ይህ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ልጁ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ሳይሳሳት ሳይመልስ ወደ ጠባቡ ርቀት መሻገር ተስፋ ያስቆርጠዋል። በየመካከሉም አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ደግመው «አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ብለው ይጠይቁ። ልጆች መምህራቸውን ደስ ማሰኘት ስለሚወዱ፣ ሁልጊዜ ልዩነት እንዳለ ካመኑ ባይሰሙትም ይፈጥሩታል።

ድምፁ የሚሄድበትን አቅጣጫ ለማስተማር ከተናጠል ድምፆች ይልቅ የሚንሸራተት ድምፅ ይሻላል። በአፍ «ኡ» እያሉ ከወፍራም ወደ ቀጭን መውጣት፣ ከዚያም መመለስ ቀላል ነው፤ ልጁ የሰማውን በወረቀት ላይ በአንድ መሥመር ይከተለዋል። ትንሽ ቆይቶ የአጭር ዜማ ቅርጽም በዚሁ መንገድ ይሣላል፤ መሥመሩ የት እንደወጣ፣ የት እንደወረደ፣ የት ቀጥ ብሎ እንደሄደ ከልጁ ጋር ሆነው ዜማውን ደግመው እየሰሙ ያመሳክሩ። ቀጭኑን ከላይ፣ ወፍራሙን ከታች የመሣል ልማድ የሚተከለው እዚህ ስለሆነ፣ «ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ» የሚለው አነጋገር ያለ ግርታ ሊገባ የሚችለውም ከዚህ በኋላ ነው።

በእጅ የሚነኩ ማስረጃዎች

ልጅ ድምፅ ለምን እንደሚቀጥን በጣቱ ሲነካው ከሰማው በላይ ያምነዋል። ማስመሪያን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጥብቆ ይዞ ወደ ውጭ የወጣውን ጫፍ ማርገብገብ በቂ ነው፤ የወጣው ክፍል ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ንቅናቄውም በዓይን የማይያዝ ይሆናል። ባዶ ሣጥን ላይ የተወጠረ ላስቲክም ያንኑ ያሳያል፤ መካከሉ ላይ በጣት ተጭኖ ግማሹ ብቻ ሲነካ ድምፁ ቀጭን ይሆናል። በጊታር ክር ላይ ይህን በትክክል ማድረግ ይቻላል፤ ከክሩ ግማሽ የሚወጣው ድምፅ ከሙሉው ክር ድምፅ አንድ ኦክታቭ ይቀጥናል።

የጠርሙሱ ሙከራ ግን ከሁሉም ይልቅ ልጆችን ያከራክራል። በአንድ ዓይነት የመስታወት ጠርሙሶች ውስጥ የተለያየ መጠን ያለው ውኃ ይጨመርና ጠርሙሶቹ በእንጨት ማንኪያ ይመቱ፤ ብዙ ውኃ የያዘው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በጠርሙሶቹ አፍ ላይ አግድም እፍ ይባልባቸው፤ አሁን ብዙ ውኃ የያዘው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል! ምክንያቱ የሚንቀጠቀጠው ነገር መለወጡ ነው፦ ሲመታ የሚንቀጠቀጠው መስታወቱ ስለሆነ ውኃው ያከብደዋል፣ ያዘገየዋልም፤ እፍ ሲባልበት ግን የሚንቀጠቀጠው ከውኃው በላይ የቀረው አየር ነው፤ አየሩ ባነሰ ቁጥርም ይፈጥናል። ከሙከራው በፊት እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን እንዲናገር ካልተደረገ የዚህ ሁሉ ጣዕም ይጠፋል።

የሰሙትን በራስ ድምፅ መመለስ

መስማቱ መረጋገጥ ያለበት በማዜም ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ይሁንና የሰማውን በድምፁ መልሶ የሚያወጣ ልጅ ቃናን በውስጡ መያዝ ይማራል። ለመነሻ ሁለት ድምፅ ይበቃል፤ ከ«ሶል» ወደ «ሚ» የሚወርደውን አጭር ርቀት ይዞ የልጁን ስም በዜማ መጥራት፣ ልጁም በዚያው ዜማ «አቤት» እያለ እንዲመልስ ማድረግ ነው። የሃንጋሪው የሙዚቃ ሊቅ ዞልታን ኮዳይ ሐሳቦች ላይ የተመሠረተው የማስተማር ዘዴ የሚጀምረው በእነዚሁ ሁለት ድምፆች ነው። ይኸው ዘዴ እንግሊዛዊው የሙዚቃ መምህር ጆን ከርዌን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋቸውን የእጅ ምልክቶችም ይጠቀማል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የተለየ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ድምፁ ሲቀጥንም እጁ ወደ ላይ ይወጣል። ልጁ የማይታየውን ቃና በገዛ እጁ ከፍታ ያየዋል።

የሰጡትን ድምፅ መያዝ የሚያቅተው ልጅ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ «አንተ ዝም ብለህ ስማ» ማለት ለዓመታት የሚቆይ ጉዳት ያደርሳል፤ በሙዚቃ ክፍል ውስጥ ከማውቃቸው ጥፋቶች ይህን የሚያህል የለም። የተሻለው መንገድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ልጁ የፈለገውን ድምፅ ያውጣ፣ መምህሩ ያንን ድምፅ ፈልጎ ይያዝና አብሮት ያዚም፤ ልጁ ሁለት ድምፆች ሲገጥሙ ምን እንደሚመስል ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ደረጃ ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መውሰድ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በመስማቱ ላይ ሳይሆን ጉሮሮን በማዘዙ ላይ ስለሆነ በልምምድ ይስተካከላል። ነገር ግን ልጁ በንግግርም ጊዜ ደጋግሞ «ምን?» የሚል፣ ወይም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከሌሎች ይልቅ የሚያስጮኽ ከሆነ ጆሮውን ሐኪም ይየው፤ በትንንሽ ልጆች ላይ በመካከለኛው ጆሮ የሚጠራቀም ፈሳሽ የተለመደ ሲሆን፣ የመስማት ኃይልን ለጊዜው ይቀንሳል።

መሣሪያዎችን በድምፃቸው ማወቅ

ዋሽንትና ማሲንቆ ያንኑ 440 ሄርዝ ቢያሰሙ ሁለቱን ማንም አያምታታቸውም። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ መሣሪያ አንድ ድምፅ ሲሰጥ ከዋናው ድምፅ ጋር በጣም የሳሱ ቀጫጭን ድምፆችም አብረው ይወጣሉ፤ የእነዚህ ተደራቢ ድምፆች ብዛትና ጉልበት ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ የድምፁ ቀለም ይለያያል። ሁለተኛው የድምፁ አጀማመር ነው፦ የጣት ንክኪው፣ የምቱ ግጭት፣ የደጋኑ ፍትጊያ፣ የትንፋሹ ሹክሹክታ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ፒየር ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የተቀዳ የደወል ድምፅን መጀመሪያ ቆርጦ ባሰማው ጊዜ ደወልነቱ ጠፍቶ ነበር። ይህን ዛሬ በስልክ መሞከር ይቻላል፤ አንድ የፒያኖ ድምፅ ተቀድቶ ከኋላ ወደ ፊት ቢጫወት አኮርዲዮን የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ከፍ ያሉት ልጆች በዚህ በጣም ይደነቃሉ።

ልጆች መሣሪያውን በጆሮ ከመለየታቸው በፊት ሊያዩትና ቢቻል ሊነኩት ይገባል፤ ያላየውን ነገር በስም ብቻ የሚያጠና ልጅ ድምፁን ከምንም ጋር አያገናኘውም። መሣሪያው በእጃቸው እያለ የሚጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የሚንቀጠቀጠው ምኑ ነው?» የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1914 መሣሪያዎችን የመደቡት በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ክር ከሆነ እንደ ክራርና ቫዮሊን፣ አየር ከሆነ እንደ ዋሽንትና ትራምፔት፣ የተወጠረ ቆዳ ከሆነ እንደ ከበሮ፣ የመሣሪያው የራሱ አካል ከሆነ እንደ ደወልና ጸናጽል። ፒያኖ የት ይመደብ ብሎ ማከራከርም መልካም ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ መዶሻዎቹ ክሮቹን ሲመቱ ካዩ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ይወስናሉ።

ከዚያ መሣሪያዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሁኑ። በጣም በሚራራቁ ጥንዶች፣ ለምሳሌ በዋሽንትና በከበሮ ይጀመር፤ ቀጥሎ ክርን በጣት የሚነካው ክራርና ክርን በደጋን የሚፈትገው ማሲንቆ ይምጡ። እዚህ ላይ ልጆቹ «ወዲያው የሚጠፋ» እና «የሚቆይ» ድምፅ የሚሉትን በራሳቸው ቃላት ያገኛሉ፤ የራሳቸውን ቃል ቢያገኙ መተው እንጂ ማረም አያስፈልግም። አንድ ልጅ የክላሪኔትን ድምፅ «እንጨት እንጨት ይላል» ብሎ ሲገልጸው ከመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ መግለጫ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ትራምፔትንና ትሮምቦንን፣ ቫዮሊንንና ቪዮላን የመሳሰሉ ተቀራራቢ ጥንዶች የኋለኛ ጊዜ ሥራ ናቸው።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ቀጭን ድምፅ ሁሉ የዋሽንት፣ ወፍራም ሁሉ የትልቅ መሣሪያ የሚመስለው ልጅ መሣሪያውን ሳይሆን ቃናውን እየለየ ነው። ይህን የሚያጋልጠው ልምምድ አንድን ድምፅ በእኩል ጉልበት በሁለት መሣሪያዎች ማሰማት ነው፤ ቃናው አንድ ስለሆነ ልጁ የሚይዘው ቀለሙን ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ አንዱ መሣሪያ በጣም ቀጭንና በጣም ወፍራም ድምፁን ያሰማና «መሣሪያው ተለወጠ?» ተብሎ ይጠየቅ።

መሣሪያ በሌለበት ቤት ቅጂ መጠቀም ግድ ነው፤ ነገር ግን የስልክ ድምፅ ማውጫ በጣም ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፆችን አያወጣም። ቤዝ ጊታርን በስልክ እያሰሙ «ወፍራሙን ስማ» ማለት የሌለውን ነገር መጠየቅ ነው፤ ተለቅ ያለ ስፒከር ወይም ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። የጆሮ ማዳመጫው ድምፅም ይመጠን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው ወሰን 75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ጩኸቱ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል።

በብዙ መሣሪያ ከተቀነባበረ ሙዚቃ መካከል አንዱን ነጥሎ መከተል ለአዋቂም ከባድ ነው። በሁለት መሣሪያ በሚጫወት ሙዚቃ ይጀምሩ፤ ልጁ የመረጠው መሣሪያ ሲገባ ይቁም፣ ሲያርፍ ይቀመጥ። አንድ አጭር ሙዚቃ ሦስት ጊዜ ሲደመጥ በየጊዜው አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር፤ መጀመሪያ ዜማውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ከሥር ያለው ወፍራም ድምፅ ምን እንደሚያደርግ፣ በመጨረሻም ዝም ብሎ የቆየው የትኛው እንደሆነ። ለአራት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ጆሯቸው እስኪሠላ የማቆየው አንድ ልምምድ አለ፤ እሱም መቃኘት ነው። በክራር ወይም በጊታር ሁለት ክሮችን አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጡ እያቀራረቡ አብረው ይንኳቸው። አንዱ 440፣ ሌላው 442 ሄርዝ ላይ ሲሆን ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይወዛወዛል፤ ክሩ ቀስ እያለ ሲወጠር ወይም ሲላላ መወዛወዙ ይዘገያል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፣ መወዛወዙ ጨርሶ ሲቆም እጁን ያንሣ፤ ያን ጊዜ መቃኛውን ያቁሙ።